የአንደኛ ክፍል መምህርቷና የእኔ ሁለተኛ ዲግሪ

ሲስተር ለትምህርት ሊልኩኝ ማሰባቸውን የነገሩኝ በሚያዝያ ነው፤ በቆላዋ ከተማችን በገንዳ ውሃ ሰው ከፀሐዩ ሸሽቶ ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለለ በሚሄድበት ወር። ካቶሊክ መነኩሲት ናቸው፤ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር እሳቸው ነበሩ። እኔ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ምክትላቸው ከሆንኩም ሁለት ዓመቴ ነበር። ቢሮ ጠርተው አስቀመጡኝና ነገሩን ሳያዞሩ ነገሩኝ።

«ሦስት ሲስተሮች ቀርተናል፤ ሦስታችንም አርጅተናል። ወደዚህ ቆላ የምትመጣ ወጣት የለችም። ትምህርት ቤቱን ከእኛ የምትረከቢው አንቺ ነሽ።»

«ሲስተር፣ እኔ እኮ ኦርቶዶክስ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ከልጆቻችን ግማሹ ሙስሊም ነው፣ የቀረው ኦርቶዶክስ። ማተብሽን በጥሺ አላልኩሽም፤ ተምረሽ ተመለሺ ነው ያልኩሽ።»

ትምህርቱ ለካቶሊክ ትምህርት ቤት መሪዎች የሚሰጥ ሁለተኛ ዲግሪ ነበር። ክረምት ክረምት አዲስ አበባ ገብተን እንማራለን፤ በጋውን ሞጁል ይዘን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። በመጀመሪያው ክረምት ክፍሉ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ቄሶችና ሲስተሮች ነበሩ። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ሁለት ሹራብ ደርቤ ከኋላ ወንበር ላይ ተኮራምቼ እቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን የሚያስተምሩን አባ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ «ትምህርት ቤታችሁን ካቶሊክ የሚያሰኘው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ጸሎቱ አለ፣ ሌላው ሥነ ሥርዓቱ አለ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ስለ አንደኛ ክፍል መምህርታችን ተናገርኩ። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ሳይበላ የመጣን ልጅ ካቀማመጡ ትለየዋለች። ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የተሻገሩ ልጆች ሲመጡልን፣ አማርኛ ስለማይሰሙ በምታውቃት ቁራጭ አረብኛ እያባበለች አስተማረቻቸው። እጃቸውን ይዛ አሸዋ ላይ «ሀ»ን ታስጽፋቸው ነበር።

አባ «ስለ እሷ ጻፊ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ርዕሱ ስለ ሰው ልጅ ክብር ነበር። ወረቀቴ ከክፍሉ ሁሉ ተመርጦ ፊት ወጥቼ አነበብኩት። ሲጨበጨብልኝ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

በመስከረም ስመለስ ሲስተር ታመው አገኘኋቸው። በጥቅምት ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው፤ እኔ ተጠባባቂ ርዕሰ መምህር ሆንኩ። አንድ ወር ሳይሞላ ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ፤ ዲፕሎማ የሌለው መምህር ክፍል እንዳይገባ፣ ከገባ ግን የትምህርት ቤቱ ፈቃድ እንደማይታደስ የሚያሳስብ። ዲፕሎማ ያልነበራት መምህር አንዲት ብቻ ነበረች፤ የአንደኛ ክፍሏ።

ሲስተርን ላማክር ስደውል ኔትወርክ የለም። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢውን አስጠራኋቸው፤ ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው፣ ሰባት ልጆቻቸው በእሷ እጅ አልፈዋል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ሕግ ነው፣ እሺ» አሉ። «ግን ሰው ደግሞ ይሰማል። እኔና አንቺ እሷን ይዘን እንሂድ። ዓመቱን እስክትጨርስ ብለን እንለምን።»

«ሐጂ፣ ገና በመጀመሪያው ወር ከበላይ ጋር ከምጣላ...»

«መለመን መጣላት ነው እንዴ?»

የፈራሁት ለትምህርት ቤቱ ነው እል ነበር ያኔ። አሁን ሳስበው ለራሴ ነበር። ደካማ መሪ እንዳልባል ነበር። በማግስቱ የስንብት ደብዳቤዋን ጽፌ ፈረምኩ።

ለእሷ የሰጠኋት በእረፍት ሰዓት ቢሮዬ ውስጥ ነው። እጇ ጠመኔ እንደነካው ነበርና ወረቀቱ እንዳይቆሽሽ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አነበበችው።

«እትዬ፣ በእኔ ፈቃድ አይደለም» አልኳት።

«አውቃለሁ ልጄ። ወረቀት የለኝም፣ እውነት ነው።» ወረቀቱን አጠፈችና «ልጆቹን ልሰናበታቸው ወይስ ዝም ብዬ ልሂድ?» አለችኝ።

«ልጆቹ እንዳይረበሹ...» አልኳት።

ገባት። ክፍሏ ተመልሳ ጃንጥላዋን ብቻ ይዛ በኋላው በር ወጣች።

በእሷ ቦታ የቀጠርኩት ዲፕሎማ ያለው ወጣት ከጎንደር ሊመጣ ሲል በግጭቱ መንገድ ተዘጋ። ሳምንት ጠበቅን፣ ወር ጠበቅን። አንደኛ ክፍልን ከሁለተኛ ጋር ቀላቀልኩ፤ ልጆቹ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ተቀመጡ። ከማዶ የመጡት ልጆች አንድ በአንድ ቀሩ። የት እንደገቡ የጠየቀ የለም፤ ትጠይቅ የነበረችው እሷ ነበረች።

በጥር አፍሬም ቢሆን ቤቷ ሄድኩ። ወባ ይዟት አልጋ ላይ ነበረች። ካርካዴ ሻይ አስቀዳችልኝ።

«ተመለሺልኝ እትዬ። የመጣው ይምጣ፣ እኔ እጠየቅበታለሁ» አልኳት።

«ያኔ ብትዪኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር» አለች፣ ሳትቆጣ። «አሁን አልችልም። ልጆች ፊት መቆም አፈርኩ። ሌላ ቦታ የማስተማር ሥራ ቢገኝም አልሠራም። ወንድሜ አብርሃ ጅራ ከተማ አጠገብ ሰሊጥ ያርሳል፣ እሱ ጋ እሄዳለሁ።»

በመጋቢት በጭነት መኪና ሄደች። ሰኔ ላይ መሞቷን የነገሩኝ ሐጂ ናቸው። እዚያ ሄዳ ትኩሳቱ ተነሥቶባት ነው አሉ። መንገዱ አያስኬድምና ለቅሶ አልደረስኩም። እዚሁ ሐጂ ግቢ ሰው ተሰብስቦ ተቀመጥን። ያስተማረቻቸው ሁሉ መጡ። ማንም ምንም አላለኝም፤ እሱ ነው የከበደኝ።

በሁለተኛው ክረምት እንደምንም አዲስ አበባ ደረስኩ። አባ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አስፍቼ የመመረቂያ ጥናት እንዳደርገው ፈለጉ። «እሱን አልነካውም» አልኳቸውና ምክንያቱን ነገርኳቸው። ስለ ትምህርት ቤት አስተዳደር ሌላ ርዕስ ሰጡኝ፤ ምንም ነፍስ የሌለው ጥናት ጽፌ አለፍኩ።

ሲስተርን ሄጄ የጠየቅኳቸው በዚያው ሰሞን ነው። አልጋ ላይ ሆነው ስለ እያንዳንዱ ሰው ሲጠይቁኝ እሷ ጋ ደረሱ። ሁሉንም ተናገርኩ።

«ደብዳቤውን ማን ፈረመው?»

«እኔ።»

«እኔም ብሆን እፈርመው ነበር ይሆናል» አሉ። «ግን መጀመሪያ አብሬያት ሄጄ እለምንላት ነበር።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደክሟቸው ይሁን አዝነውብኝ አላውቅም፤ በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

አሁን ርዕሰ መምህር እኔ ነኝ፤ ተጠባባቂ የሚለውም ቀርቷል። አንደኛ ክፍልን የምታስተምረው ዲፕሎማ ያላት ልጅ ናት፤ ከመተማ ዮሐንስ የመጣች፣ ጎበዝ። ዘንድሮ የገቡት ልጆች ስለ ቀድሞዋ መምህርት የሚያውቁት ነገር የለም። አንዳንድ ጠዋት ክፍሉ በር ላይ ቆሜ አቀማመጣቸውን አያለሁ። የበላውን ካልበላው መለየት ግን አልቻልኩም።