ብልባላ ድረስ ማሲንቆ ሊማር የመጣው ቶም

ዛሬ ጠዋት መልእክቱን ሳነብ ስልኬን አጥፍቼ መልሼ ከፈትኩት። እንግሊዝኛው ያልገባኝ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት።

ቶም አርፏል። የጻፈልኝ ወንድሙ ሬይ ነው።

እስካሁን አላመንኩም። ባለፈው ሳምንት እኮ አውርተናል።

ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። ላሊበላ ያላችሁ ግን ታስታውሱታላችሁ፤ ያ ረጅሙ ሽበታም አሜሪካዊ፣ ባንጆ የሚባለውን ሆደ ክብ የክር መሣሪያውን በነጠላ ጠቅልሎ የሚዞረው። ቄሶቹ "ቶማስ" ይሉት ነበር።

እንደ ማንኛውም እንግዳ ለሦስት ቀን ነበር የመጣው። አስጎብኚው እኔ ነበርኩ። በሁለተኛው ቀን ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ስንመለስ፣ ሠርግ ተጠርተው የሚሄዱ አንድ አዝማሪ መንገድ ላይ አገኘን። የብልባላው አያ ሞላ ናቸው። ቶም ማሲንቋቸውን አይቶ "ክሩ አንድ ብቻ ነው?" አለኝ። "አዎ፣ የፈረስ ጭራ ነው" አልኩት። አያ ሞላ እዚያው ቆመው ትንሽ ተጫወቱለት። መኪና ውስጥ ሳንገባ "ትኬቴን አራዝሚልኝ" አለኝ።

ሦስት ወር ቆየ።

ማሲንቆ ሊማር በየሳምንቱ አያ ሞላ ዘንድ ብልባላ እንሄድ ነበር። አማርኛም ለመደ፤ እኔን ግን "አንተ" እንዳለኝ ነው የሄደው። ሴት ነኝ ብዬ ባርመው ባርመው አልሆነለትም። አያ ሞላ "ደግ ነው፣ አሁንስ ደረስክ" ሲሉት ራሱን ነቅንቆ "ገና ነው" ይላል። የገበያው ሰው ሁሉ ይህችን ቃል ስለለመደ ሆን ብሎ ይጠይቀው ነበር። "ቶማስ፣ ማሲንቆው እንዴት ነው?" "ገና ነው።"

ስለ ባንዳቸው የነገረኝ ዘግይቶ ነው። ከሬይና ከአንድ የጎረቤት ልጅ ጋር ሆነው በአንዲት የገበሬ ከተማ ነው የጀመሩት። ጊታርና ባንጆ ይዘው እናታቸው የምትዘፍነውን የቆየ የሀገር ዘፈን ይጫወታሉ። በኋላ ኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም ጨመሩ፤ የድሮ አድማጮቻቸው እያጉረመረሙ ሲወጡ አዲስ ሰው አዳራሹን ሞላው። ትልልቅ መድረክ መጣ። ከዚያ ኮምፒውተሩ መጣ። መጨረሻ ላይ ወንድማማቾቹ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ክፍል እየዘፈኑ ድምፃቸውን የሚያገናኘው ማሽን ሆነ። ለመነጋገር እንኳ በሰው መላላክ ጀመሩ። ባንዱ ፈረሰ። ቶም ሻንጣውን ይዞ ወደ እኛ የመጣው ያኔ ነው።

አንድ ቀን አያ ሞላ "የናንተንስ አታሰማኝም?" አሉት። በስልኩ የመጀመሪያ ሥራቸውን ከፈተላቸው፤ ቀጥሎ የመጨረሻውን። አያ ሞላ እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣

"ፊተኛው ላይ ሁለት ሰዎች አብረው ይዘፍናሉ። ኋለኛው ላይም ሁለት ናቸው፤ ግን አንዱ ሌላውን አይሰማውም። ተጣልተዋል እንዴ?" አሉ።

ልተርጉም ወይስ ልተው ብዬ አመነታሁ። ተረጎምኩለት።

ቶም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ንገራቸው፣ ያኛው ወንድሜ ነው" አለኝ።

"ወንድም እያለህ ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አሉት አያ ሞላ።

በማግስቱ ከቤቴ ደወለለት። ሬይ "እናታችን የምትዘፍነው እንዴት ነበር የሚጀምረው? ጠፋብኝ" አለው። ቶም በስልኩ ዘፈነለት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሬይ አብሮት ገባ። እኔ ወጥቼ በር ላይ ተቀመጥኩ።

ሀገሩ ተመለሰና ባንዱን እንደገና ጀመሩ። ያለ ማሽን፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው። ቶም ባንጆውን አስቀምጦ አንዳንዴ ማሲንቆ ይጫወት ነበር። እንደ ድሮው ትልቅ አዳራሽ አልሞሉም። እሱ ግን "ባንድ የሆንነው አሁን ነው" ብሎ ጻፈልኝ።

ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጥቶ መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋብን እኔና እሱ ተቆራረጥን። መስመሩ በተመለሰ ቀን ስልኬ መልእክት በመልእክት ላይ ያወርድ ጀመር። የቶም ናቸው። በየደረሰበት ከተማ፣ መድረክ ከመውጣቱ በፊት አንድ አንድ መስመር ጽፏል። "ዛሬ የምንጫወተው ለአያ ሞላ ነው። አላችሁ?" መልስ የለም። በማግስቱ ደግሞ፣ "አላችሁ?" እነዚያን ሳነብ ያለቀስኩትን ለማንም አልነገርኩም።

ለዘንድሮ ገና ከሬይ ጋር ሊመጡ ነበር። ክፍላቸውን አዘጋጅቻለሁ። ሕመሙን ግን ደበቀኝ፤ "ትንሽ ድካም ነው" ብቻ አለኝ።

ለአያ ሞላ በስልክ የሚነገር ስላልመሰለኝ ብልባላ ሄጄ ነገርኳቸው። አሁን ከዚያ መመለሴ ነው። መጀመሪያ የጠየቁኝ "ወንድሙ አጠገቡ ነበረ?" ብለው ነው። ሬይ እጁን ይዞት እንደነበር ስነግራቸው "ተመስገን" ብለው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። ከጋቢው ውስጥ ሆነውም፣

"ደጋኑን ሲይዝ ጣቱ ይደርቅበት ነበር። አላላ እያልኩ ስቆጣው ኖርኩ። ምነው ባልተቆጣሁት" አሉ።

ቶም፣

አሞኛል ብትለኝ ምን ነበረበት? ቄሶቹ በየቅዳሴው ስምህን ይጠሩልህ ነበር።

ሬይ "ብቻዬን ብመጣ ትቀበሉኛላችሁ?" ብሎኛል። ና ብዬዋለሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ እቀበለዋለሁ፤ ብልባላም እወስደዋለሁ። አያ ሞላ ፊት ሲቀመጥ እኔ ምን እንደምሆን ግን አላውቅም።

በሰላም ሂድ፣ ወንድሜ። ሀገርህ ሩቅ ነው፤ ቀብርህ ላይ አልቆምም። ግን ዛሬ ላስታ ውስጥ ሁለት ቤት ለቅሶ ተቀምጦልሃል።