የስንታየሁን ድምፅ ይዤ ከቀራንዮ እስከ ካዛንቺስ

ቅዳሜ ማለዳ አንድ ሸክላ በሁለት ካርቶን መሀል አጣብቄ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ከቀራንዮ ወጣሁ። ሸክላው የጎረቤቴ የእትዬ በለጡ ነው። የተቀረጸበት የልጃቸው የስንታየሁ ድምፅ ነው። ስንታየሁ ዘምቶ በሰሜን ጦር ግንባር ከወደቀ አራት ዓመት አልፏል፤ በሕይወቱ ያስቀረጻት ዘፈን አንዲት ብቻ ናት።

ለዚህ መንገድ ያበቃኝ የራሴ አፍ ነው። እኔ ቀራንዮ ውስጥ ከሸክላ ወደ ካሴት እየገለበጥኩ የማድር ሰው ነኝ። በቅርቡ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አንድ የአሜሪካ ማጫወቻ ገዝቼ፣ ከኔ ወዲያ ላሳር ብዬ ነበር። እትዬ በለጡ ሐዘናቸው በረድ ሲልላቸው ካሴት አስቀዱኝ። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ የልጄ ድምፅ እንዲህ አይከብድም አሉ። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ፣ «እትዬ፣ ጊዜው ስለራቀ ረስተውት ነው» አልኳቸው። አመኑኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የልጄን ድምፅ ረሳሁት እያሉ ላገኙት ሁሉ ይናገራሉ፤ ሁለተኛ የቀበሩት ያህል ሆነባቸው። ሌሎች ደንበኞቼም የአንዲት ዘፋኝ ካሴት ሰምተው «አረጀች እንዴ?» ሲሉኝ ስቄ አልፌ ነበር። አሁን ግን ማሽኔን ጠረጠርኩት። ሞተሩ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሰሐን ያለ ቺንጋ፣ በቀጥታ የሚያዞርባቸው «ዳይሬክት ድራይቭ» የሚባሉ ማጫወቻዎች ፍጥነት አያዛንፉም ሲባል እሰማለሁ። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያሉ ሁለት መኖራቸውን አጠያይቄ፣ አወዳድሬ በሚሻለው ላስቀዳ ተነሳሁ።

ጠዋት፣ ጦር ኃይሎች

ዝናቡ ሌሊቱን ስለጣለ እስከ አስፋልቱ ድረስ በጭቃ ነው የመጣሁት። ጦር ኃይሎች ላይ ወደ መርካቶ የሚሄድ ውይይት ታክሲ አገኘሁ። ፊት ለፊት ተፋጠን ስንቀመጥ፣ አንድ ሰውዬ የያዘው የሽንኩርት ጆንያ ደረቴ ላይ ያቀፍኩትን ሸክላ ተጫነው። መስታወት ነው ወይ አለኝ። ከመስታወት ይብሳል ስለው ጆንያውን አንስቶ ታቀፈው። እስከ መርካቶ እንደታቀፈ ሄደ፤ እግዜር ይስጠው።

ረፋድ፣ መርካቶ

የመጀመሪያው ማጫወቻ ያለው አዱኛ የሚባል ነጋዴ ሱቅ ነው። ከከፋ መጥቶ ሃያ ዓመት የነገደ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ማሽኑ ጃፓን ሠራሽ፣ ቀለል ያለ ነው፤ ቁልፉን ሲነኩት ዓይን ሳይጨፈን ሙሉ ፍጥነቱን ይይዛል። የስንታየሁ ድምፅ ከእኔ ካሴት ቀሎ ሲወጣ እፎይ አልኩ። ማሽኔ እንደበደለን አወቅሁ፤ እትዬ ልክ ነበሩ።

አዱኛ ግን በጎኑ ያለችውን ተንሸራታች ቁልፍ ያዘና፣ «እንዴት ይሁንልህ? ላቅጥነው?» አለኝ። ወደ ላይ ሲገፋት ስንታየሁ የቄስ ተማሪ ሆነ። ወደ ታች ሲስባት ጎልማሳ ሆነ። ልኩ የቱ ጋ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ፍጥነቱን የምታሳየው መብራት ተቃጥላለች፤ ደስ ያለህ ጋ አቁመው አለኝ። ለሠርግ ቤት ከዚህ የሚሻል ማሽን አይገኝም፤ እንዳዘዙት ይሆናል። እኔ ግን በራሴ ጆሮ መርጬ «ይኸው ልጅዎ» ብላቸው ሁለተኛ ጥፋት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ሸክላውን ጠቀለልኩ። አዱኛ አልተቀየመኝም። በአንድ ብር ፓስታ በስጎ በልቼ የካዛንቺስ አውቶቡስ ያዝኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ካዛንቺስ

ጋሽ ወርቁ ዕድሜያቸውን ሙሉ የድምፅ ዕቃ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የእሳቸው ማጫወቻ ወፍጮ ድንጋይ ያህል ይከብዳል። ሲነሳ እንደ አዱኛው አይፈጥንም፤ ቀስ እያለ ነው ፍጥነቱን የሚይዘው። ተንሸራታች ቁልፍ የለውም፤ ያሉት በደቂቃ የሠላሳ ሦስትና የአርባ አምስት ዙር ቁልፎች ብቻ ናቸው። ፍጥነቱን የሚጠብቅለት እንደ እጅ ሰዓት ኳርትዝ የሚባል ድንጋይ ነው። በሰሐኑ ጠርዝ ያሉት ነጠብጣቦች ፍጥነቱ ልክ ሲሆን በትንሿ መብራት ስር ሰሐኑ እየዞረ የቆሙ ይመስላሉ፤ ንቅንቅ አይሉም።

ድምፁን ጥቂት ማቅጠን ይቻል እንደሆን ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ልጁን አላውቀውም። አንተም በቅጡ አታውቀውም። ዳኝነቱን ለድንጋዩ ተውለት።»

ስለ አሜሪካው ማሽኔም ነገርኳቸው፤ በትራንስፎርመር ነው የማሠራው ስል ሳቁብኝ። ትራንስፎርመር የመብራቱን ኃይል ይቀንሳል እንጂ ምልልሱን አይነካም አሉኝ። የአሜሪካ መብራት በሰኮንድ ስልሳ ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ ሃምሳ፤ የእኔ ሞተር ደግሞ ያንን እየተከተለ ስለሚዞር እዚህ ይዘገያል። በቀራንዮ ስንቱን ዘፋኝ እንዳስረጀሁ ሳስብ አፈርኩም፣ ቀለለኝም። ካሴቱን ቀድተን ጨረስን።

ስመለስ ሜክሲኮ ላይ ፍተሻ ነበር። ጠባቂው ፎጣውን ፈታና የማን ነው አለ። ዘምቶ የቀረ ልጅ ድምፅ ነው አልኩት። ራሱ መልሶ በሁለት እጁ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቀራንዮ

እትዬ በለጡ በረንዳቸው ላይ ምስር ሲለቅሙ ደረስኩ። ከመንገዱ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ስለ አንድ ልጅ ድምፅ በእናቱ ፊት አለማወቄን ነው። ስለዚህ ማሽኑ ይህ ነው፣ ድንጋዩ ያ ነው አላልኩም። ሸክላውን መለስኩላቸው፣ ካሴቱን ቴፓቸው ውስጥ ከትቼ ከፈትኩ።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ እጃቸውን አነሱ።

«መልሰው እስቲ።»

መለስኩት። ሰፌዱን ከጭናቸው ላይ አወረዱ።

«ድምፁ አፍንጫው ውስጥ ሲቀር ሰማህ? ጉንፋን ይዞት ነበር እኮ ያን ቀን።»

ቀኑን ሙሉ ሳዳምጠው ውዬ አልሰማሁትም ነበር። ጋሽ ወርቁም አልሰሙትም። አሁን ግን ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ። ረስተዋል ስላልኳቸው ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እትዬ በለጡ እኔን አላዩኝም፤ ወደ ቴፑ ጎንበስ ብለዋል።

«ሹራብህን ደርብ አላልኩህም?» አሉት።