ቫይረሱ በማን ወገን ገባ?

ጓደኛዬ ሊያገባ ሲል ሽማግሌ ሆነው ከተላኩት አንዱ እኔ ነበርኩ። ባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ፣ አፍ ያለው ሰው ይጠቅማል ተብሎ ነው። የልጅቷ አባት ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ጨርቅ ይነግዳሉ። አያት ቅድመ አያቶቻቸውን ሲቆጥሩ ትንፋሽ አይወስዱም።

የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን ቤታቸው ገባን። ገና ከመቀመጣችን፣ "ልጃችሁ የማን ዘር ነው?" አሉ አባትየው።

ጓደኛዬ የድሬ ልጅ ነው፤ አያቶቹ ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። የቡድናችን አዛውንት ይህን ሲያስረዱ አላባቸው።

"የኛ ዘር ግን ንጹህ ነው። ባዕድ አልገባበትም" አሉ አባትየው።

ምላሴን በላኝ። "አባባ፣ ባዕድስ ገብቷል" አልኩ።

አዛውንቱ እግሬን ረገጡኝ።

"ማነው እሱ?"

"ቫይረስ።"

"አዑዙ ቢላህ! ምን ይላል ይሄ?"

አንዴ ጀምሬዋለሁ። የሰውነታችን መመሪያ ዲኤንኤ ላይ እንደሚገኝ፣ ሴል ከዚያ አር ኤን ኤ የሚባል ቅጂ እያወጣ እንደሚሠራ ነገርኳቸው። "ሬትሮቫይረስ የሚባለው ግን ወደ ኋላ ይሄዳል። አር ኤን ኤውን ይዞ ይገባና በራሱ ኢንዛይም ወደ ዲኤንኤ ይገለብጠዋል። ከዚያ የኛው ዲኤንኤ መሃል ይሰካዋል። ሴሉም የራሱ መስሎት ቫይረሱን ያባዛለታል። ኤች አይ ቪም እንዲሁ ነው።"

"እኛ ቤት ኤች አይ ቪ የለም!"

"አላልኩም። እኔ የምለው ቫይረስ ሰው ሰው ከመሆኑ በፊት የገባ ነው። ዘር የሚተላለፍበት ሴል ውስጥ ስለገባ ከወላጅ ወደ ልጅ እየወረደ መጣ። አሁን አብዛኛው ዝም ብሎ ተቀምጧል። እኔም ጋ አለ፣ እርስዎም ጋ።"

ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የእናትየው ሳቅ ተሰማ። "ምንም አይጠቅምም?" ብለው ጠየቁኝ።

"አንዳንዱማ ባለውለታ ነው። እንግዴ ልጅ የሚሠራው ከእንዲህ ዓይነቱ ቫይረስ በቀረ ጂን ጭምር ነው።"

አባትየው ጺማቸውን አሻሹ። "በማን ወገን ነው የገባው?"

"በሁለታችሁም።"

"ውሸት! በሷ ወገን ነው።"

"አቦ ተወኝ!" አሉ እናትየው መጋረጃውን ገልጠው። "ዝም ብሎ የተቀመጠ ከተባለማ ያንተ ወንድሞች ናቸው!"

ባልና ሚስት ተያያዙ። እኛን የሚያየን ጠፋ። አዛውንቱ ጫማቸውን እየፈለጉ ሌላ ቀጠሮ ለመኑ።

"ኑ" አሉ አባትየው። "እሱን ግን እንዳታመጡት።"

በቀጠሮው ቀን እኔ ቤቴ ቀረሁ፤ ልጅቷን ፈቀዱ። በሰርጉ ቀን አባትየው ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። እናትየው ግን እህቶቻቸውን አስከትለው መጡና አጠገቤ አስቀመጧቸው። "በል፣ ለነዚህም ንገራቸው" አሉኝ።