ለሆዳን ያልመለስኩት ወንፈል

ሆዳን ሞተች ሲሉኝ ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ደግመው ደወሉ። የታመሙት እናቷ ናቸው፣ ስም ተሳስታችሁ ነው ብዬ አሁንም ዘጋሁት።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ስደርስ እናቷ አልጋቸው ላይ ሆነው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ወለሉ ላይ የተሸፈነችው ሆዳን ነበረች።

ከቀትር በኋላ ወንዶቹ ወስደው ቀበሯት። እኔ ይኸው ፌስቡክ ላይ በአንድ ጣቴ እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ ስህተት ብታገኙ እለፉት።

ለማታውቋት፣ ሆዳን እዚህ ጅጅጋ የጓሮ ጎረቤቴ ነበረች። እናቷን ሆዮ ነው የምትላቸው። ሆዮ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጡ የእሷ ነበር። ገበያ ልብስ ትሸጥ ነበር፤ መጀመሪያ ቀኑን ሙሉ፣ ቆይታ ግማሽ ቀን፣ በመጨረሻ ጭራሽ ተወችው።

ወንድሞቿ ደገሀቡር ናቸው። በየሳምንቱ ይደውላሉ። "ታድለሽ! ጀነት እኮ በእናት እግር ሥር ናት" ይሏታል።

"እግሩ ከባድ ነው፤ አንድ ቀን መጥታችሁ አንሡልኝ" አለቻቸው አንዴ። ስቀው ዘጉት። አጠገቧ ነበርኩ፤ እሷ አልሳቀችም።

ያኔ እኔም ቤት በሽተኛ ነበር። ባለቤቴ ሹፌር ነበር፤ መኪናው ከተገለበጠ ወዲህ ከአልጋ አልወረደም። አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ፣ "እኛ አገር ገበሬ ወንፈል ይገባል" አልኳት። "ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ አርሳለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን።"

"እኛ ማሳ የለንም አባዮ።" አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው።

"በሽተኛ አለን አይደል?"

ገመዱን ይዛ ሳቀች። በዚሁ ተጀመረ። ማክሰኞ ከሰዓት እሷ ባለቤቴ ጋ ትቀመጣለች፤ እኔ የጎልማሶች ትምህርት እሄዳለሁ። ሐሙስ እኔ ሆዮ ጋ እቀመጣለሁ፤ እሷ ትወጣለች። "የት ስትዞሪ ዋልሽ?" ብላት፣ "የአክስቴ ልጅ ቤት ሄጄ ተኛሁ" አለችኝ። ሽርሽሯ እሱ ነበር።

ዛሬ ይቺን የምጽፍባትን ፊደል የቆጠርኩት በእሷ ማክሰኞ ነው።

መጀመሪያ የጻፍኩት የሰው ስም የእሷን ነው፤ ስልኬ ላይ መዘገብኳት። አንድ ቀን ስልኬን አልጋው ላይ ትቼ ጓሮ ስወጣ ደወለች። ባለቤቴ አነበበና እየጮኸ ጠራኝ፦ "አንቺ! ሆዳም ትደውልልሻለች! ማን ናት ይቺ?"

"ን" ማድረግ ሲገባኝ "ም" አድርጌው ኖሯል። ሆዳን በር ላይ ደርሳ ሰማችው። "ወይኔ አባዮ! ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ብቻ ጠጥቼ ሆዳም አልሽኝ?"

ባለቤቴ ከአደጋው ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ሦስታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ለምን ምግብ እንዳልቀመሰች ግን አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ባለቤቴ ሞተ። ማክሰኞ ቀረ። ሐሙስ ግን የእኔ ተራ ነበር። መጀመሪያ ሐዘን ላይ ነኝ አልኩ። ከዚያ ወገቤን አልኩ። እውነቱን ልናገር፤ የበሽተኛ ቤት ሽታ አንገሽግሾኝ ነበር። እሷ አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ "እንዴት ነሽ?" ስላት መልሷ አንድ ነበር፦ "እኔማ ቆሜያለሁ።"

ረመዳን ሲገባ የክሊኒክ ካርድ ይዛ መጣች። "አባዮ፣ አንቺ ተምረሻል። ቀጠሮው መቼ ነው?"

ደረቴን ነፋ አድርጌ ተቀበልኳት። ያየሁት ቀኑን ብቻ ነው። "ሐሙስ ይላል። የማን ነው?"

"የሆዮ መድኃኒት ነው" አለች። "ሐሙስ..." ብላ ትንሽ ቆመች። ለምን እንደቆመች ገብቶኛል። "ይሄ ወገቤ" አልኩ። "አይዞሽ" ብላኝ ሄደች። እሷ እኔን!

ዛሬ ከቀብር ሲመለሱ፣ ከደገሀቡር የደረሰው ታላቅ ወንድሟ ከፍራሹ ሥር አንድ ፌስታል አወጣ። "እማማ፣ እስቲ የእናታችንን መድኃኒት ይለዩልን" አለኝ። ካርዱ እዚያ ውስጥ ነበር። ዛሬ ስሙን አነበብኩት። ሆዳን ይላል። የክሊኒኩ ሰው "ን" አልተሳሳተም። ደም ግፊት ይላል። ከዚያ የሐሙስ ቀጠሮ በኋላ ምንም አልተጻፈበትም፤ አልሄደችም።

"የሆዮ ነው?" አለኝ።

"የእሷ ነው።"

"ምን ሆና?" አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልጠየቀውን። እኔስ ጠይቄያለሁ?

እዚህ "ጀግና ነበረች" እያላችሁ የምትጽፉትን አየሁ። አትበሏት። ጀግና ያሉትን ሰው ማንም ልርዳህ አይለውም። ከጎረቤት በሽተኛ ካለ፣ ስለ ተኛው ከመጠየቃችሁ በፊት የቆመችውን ምሳ በልተሻል ወይ በሏት።

ወንድሞቿ ግቢ ተቀምጠው "ሴት እንቅጠር፣ አይ ደገሀቡር እንውሰዳቸው" ሲባባሉ የሆዮ መገላበጫ ሰዓት አለፈ። የሚገላበጡ መሆናቸውን የሚያውቅ የለም። ገብቼ አገላበጥኳቸው። "ሆዳን?" አሉ፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደሆነ። ጀርባቸውን አሸሁላቸው።

ሆዳን፣ ስምሽን ይኸው በ"ን" ጻፍኩት፤ ሁለቴ አየሁት። አሁን ማንም ቢጠይቅሽ "ቆሜያለሁ" እንዳትይ። ጋደም በይ አባዮ። ነገ ሐሙስ ነው። ተራው የእኔ ነው።