ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀመጥናት ልጅ

ልጅ እያለሁ አምርሬ የተጣላሁት የመጀመሪያው ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር የሚኖረው። ሞባይል ገና የሀብታም ዕቃ በነበረበት ዘመን ታላቅ ወንድሜ ከመገናኛ የተቀዳ ሲዲ ይዞ መጣ፤ የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ጌም። አሰልጣኝ ሆነን ልጆች እንመለምላለን፣ እናሰለጥናለን፣ በየዓመቱ ሲያድጉ እናያለን። የእኔው ረጅሙ ልጅ ሲመጣ ኳስ እንኳ በቅጡ አይዝም ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ እየጀመርኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ለፋሁበት። ልክ ሲበስል ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ትልቁ ሊግ እብስ አለ። አለቀስኩ። አባቴ መምህር ስለነበር «ዲግሪውን ሳይዝ?» ብሎ ከእኔ ብሶ ተናደደ።

ቀጥሎ ብልሃቱን አገኘሁት። ጎበዙን ልጅ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። ካልተጫወተ ማንም አያየውም፤ ማንም ካላየው አይሄድም። ለዋናው ውድድር ብቻ አስገባው ነበር። በዚህ ዘዴ ዋንጫ በላሁ።

ትምህርት ቤታችን የካ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የተሰነጠቀውን ሜዳ በባሕር ዛፍ ቅጠል ይሞላዋል፤ እኛ እንጠርጋለን፣ ሽታው እጃችን ላይ ይውላል። የክፍሌ ልጅ ትዕግስት እዚያ ሜዳ ላይ ኳስ ይዛ ወደ ቅርጫቱ ስትዘል ወንዶቹ እንኳ ጨዋታቸውን ትተው ያዩዋት ነበር። እናቷ ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ለመንገደኛ ሙዝ ይሸጡ ነበር። እሷ ሕልሟ አንድ ነበር፤ ክለብ መግባት።

አሥረኛ ክፍል ሆነን አንድ የክለብ አሰልጣኝ ቅዳሜ ጨዋታችን ላይ ልጆች ሊመርጥ እንደሚመጣ ተሰማ። የስፖርት መምህራችን ቲቸር ግርማ ጭንቅ ያዘው። «የትምህርት ቤቶች ዋንጫው ወር እንኳ አልቀረውም፤ አሁን ከወሰዱብኝ በማን ልጫወት ነው?» አለ። እኔን ምን አንቀዠቀዠኝ!

«ቲቸር፣ ለምን አያስቀምጧትም? ካላዩዋት አይወስዷትም። እኔ ጌም ላይ እንደዚያ ነው የማደርገው» አልኩት። (ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አልለውም።)

«አንቺ ልጅ ጭንቅላት አለሽ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ሳስታውስ ዛሬም ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ቅዳሜ ትዕግስት ማሊያዋን ለብሳ ተቀመጠች። «ቲቸር፣ ልግባ?» ስትለው «ጉልበትሽ ጤነኛ አይመስለኝም፤ አሳርፊው» ይላታል። ጉልበቷ ምንም አልሆነም ነበር። የክለቡ ሰውዬ ከተጋጣሚያችን ሁለት ልጆች መዝግቦ ሄደ። ተደፍታ ስታለቅስ ያባበልኳት እኔ ነኝ። እናቴ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የምትለው ያን ቀን ገባኝ።

ዋንጫውን በላን፤ ቲቸርም ፎቶ ተነሳበት። በዓመቱ የትዕግስት እናት ታመሙና ትምህርቷን አቋርጣ እሳቸው ቦታ ላይ ቆመች። ሌላ ክለብ አልመጣም።

ዛሬ ወሰን ሰፈር ያሉ ልጆች ተመሳሳይ ጌም በስልካቸው ይጫወታሉ፤ ተጫዋች ሲሄድባቸው ስቀው ሌላ ይመለምላሉ። እቀናባቸዋለሁ። ቲቸር ግርማ ጡረታ ወጥቷል። ትዕግስት መንገድ ላይ ስታገኘው ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ነው የምትጨብጠው። «እሳቸው ባያሳርፉኝ ኖሮ ይሄኔ አንካሳ ነበርኩ» ትላለች ለልጆቿ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ። ከዚያ ምስክር እንድሆናት ወደ እኔ ዞር ትላለች።

«እውነትሽን ነው» እላታለሁ።