ሦስቴ ካልጠየቁን

በስደት በምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ «ታስሮ ነበር» ሲባል የሰማ ሁሉ አገር ቤት ይመስለዋል። አገር ቤትም ታስሬአለሁ፤ በፖለቲካ፣ ያውም ሁለቴ። እስከ ዛሬ ሳስበው አንገቴን የሚያስደፋኝ ግን ማላዊ የታሰርኩበት ክፍል ነው።

ሦስተኛ እስር እንደማይቀርልኝ ሲገባኝ ወደ ደቡብ ወጣሁ። በሁለተኛው ጊዜ አብሮኝ የታሰረ አንድ መምህር ነበር፤ አብረን ጠፋን። ኬንያንና ታንዛኒያን አልፈን ማላዊ ስንገባ ያለ ወረቀት ተያዝን። የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። የሰው ፊት አይታይም፤ ወለሉን የሞላው የተዘረጋ እግር ብቻ። ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። መምህሩ «ግባ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ በዚያ ሰዓትም መቀለድ አይተውም።

ሐሙስ ሐሙስ ከአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ አንዲት ነርስ ይመጡ ነበር። ፀጉራቸው የሸበተ የአገሩ ሰው ናቸው፤ እስረኛው ሁሉ «አማይ» ይላቸዋል፣ በእነሱ ቋንቋ እናቴ እንደማለት ነው። አንድ ባልዲ የተቀቀለ ቦሎቄ፣ የመድኃኒት ሳጥንና ደብተር ይዘው በየክፍሉ ይዞራሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ አምላካቸው የታሰረ ጠይቁ ስላለ ብቻ ነው የሚመጡት።

በመጀመሪያው ሐሙስ መምህሩን ብርድ ብርድ እያለው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው ከርሞ ከጀርባዬ ተኝቷል። አማይ በሩ ላይ ቆሙና በእንግሊዝኛ «የታመመ አለ? ያልበላ አለ?» አሉ። ከወዲያ ጥግ አንድ ኮንጎአዊ ሁለት እጁን ዘርግቶ «እኔ! እኔ!» አለ። ዓይን አውጣ ብዬ ታዘብኩት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ጎንበስ፣ ፈገግ አልኩና «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አይቸገሩ» አልኳቸው።

ምን ነካኝ? ምንም አልነካኝም፤ እናቴ እንዳሳደገችኝ ነው የመለስኩት። «ኧረ በሞቴ፣ እንዲህማ አይሆንም» እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነበር። በሁለተኛው ትንሽ አንገራግሬ በሦስተኛው እሺ ልል። ሴትዮዋ ግን «ጥሩ» አሉ፣ ደብተራቸው ላይ ጻፉ፣ ባልዲያቸውን አንስተው ወደሚቀጥለው ክፍል ሄዱ። በሩ ተዘጋ።

ቅዳሜ መምህሩ ከሞቱት እናቱ ጋር ማውራት ጀመረ። ሰውነቱ ይፋጃል፤ የሰጠሁትን ውሃ ሁሉ ይመልሰዋል። ዘበኛውን ለመንኩት። አማይ ያስረከቡትን ዝርዝር አየና «ይኸው፣ ደህና ናቸው ይላል። ሐሙስ ጠብቅ» አለኝ። ሐሙስ ድረስ እንደማይቆይ ላየው ሰው ግልጽ ነበር። በኔ ምላስ ሰው ሊሞት ነው። መርማሪ ፊት ያልዋሸ አፍ እዚህ ለቦሎቄና ለኪኒን ዋሸ! ራሴን ጠላሁት።

እሁድ የሚሲዮኑ ሰዎች ግቢ ውስጥ ሊዘምሩልን መጡ። ደንቡ እንግዳ ሲኖር መሬት ላይ ተቀምጦ ዝም ማለት ነው። አማይ ከዘማሪዎቹ መሃል ነበሩ። ብድግ አልኩ።

«አማይ! ዋሽቼዎታለሁ! በሽተኛ አለን! አልበላንም!»

ዱላ ትከሻዬ ላይ አረፈ። መዝሙሩ ግን ተቋረጠ፤ እሳቸውም መጡ።

ወባ ነበር። መርፌውን ወግተው ሲጨርሱ አጠገቡ እንደተንበረከኩ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሐሙስ ጠይቄህ ነበር።»

«አዎ።»

«ደህና ነን አልከኝ።»

«እኛ አገር አንዴ ሲጠይቁን እሺ አንልም። ነውር ነው።»

«ስንቴ ነው የምትጠየቁት?»

«ሦስቴ።»

የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም። «እሺ ልጄ፣ ሦስቴ እጠይቅሃለሁ። አንተ ግን በመጀመሪያው መልስልኝ» አሉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ በሩ ሲከፈት ሁላችንም እንደ ደንቡ መሬት ላይ ነን። መምህሩ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። «ኖር!» አላቸው በአማርኛ። ዘበኛው ዱላውን ሲያነሳ አማይ በእጃቸው ከለከሉት። ተቀመጥ ብለው ምልክት ሰጡት፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ ገባቸው መሰለኝ፣ የመድኃኒት ሳጥናቸውን አስቀምጠው ላዩ ላይ ቁጭ አሉ። ያኔ ተቀመጠ።

ከዚያ ያወጣን ሚሲዮኑ የጻፈልን ደብዳቤ ነው። ወደ ስደተኞች ካምፕ፣ ከዓመታት በኋላም ወደዚህ መጣን። እሱ ከኔ ብዙም ሳይርቅ አሌክሳንድሪያ የስኩል ባስ ይነዳል። ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ታሪኩን ያነሳል፤ ዱላውን፣ ጩኸቴን፣ ሁሉንም። ባለፈው የልጁ ግራጁዌሽን ላይም በእንግዳው ሁሉ ፊት አቅፎኝ «እኔን ያተረፈኝ ይሄ ነው» አለ። ልጅቷ «ዳዲ፣ ዊ ኖው ዘ ስቶሪ!» ብላ ሳቀች። እኔ ሳህኔን አስቀመጥኩ። ስለዚያ ሐሙስ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም ነበር።

ፓርኪንግ ድረስ ሊሸኘኝ ሲወጣ አላስችል አለኝ። «ስማ፣ እሁድ ከመጮሄ በፊት ሐሙስ ዕለት ጠይቀውኝ ነበር። ደህና ነን ያልኩት እኔ ነኝ። ልገድልህ ነበር» አልኩት።

«ሰምቼሃለሁ እኮ» አለ። «ከጀርባህ አልነበርኩም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ልበል? አንተ ደህና ነን ካልካቸው በኋላ፣ እኔ ታምሜአለሁ ብዬ በሰው ፊት ላሳፍርህ?»

ይህን ብሎ የመኪናዬን በር ከፈተልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ እስክደርስ ቤልትዌይ የሚሉትን አውራ ጎዳና ሙሉ እያለቀስኩ ነዳሁ።