በሸምበቆ የታሰረው አውራ

አባቴ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ገላባት ከመሄዱ በፊት ከቤታችን ጀርባ ካለው የኩርኩራ ዛፍ ላይ ከሽመል የተሠራ ባዶ የንብ ቀፎ ሰቅሎልን ነበር። ያኔ ጣሊያን መተማን ይዟል፤ አባቴ ደግሞ ጠመንጃዬን አላስረክብም ካሉት አንዱ ነው። ሲሄድ ለእናቴ ብዙ አልተናገረም። «መስከረም ሲጠባ ንብ አይጠፋም። ከመጣ አውራውን ያዙልኝ፤ አውራው ከተያዘ ሌላው የትም አይሄድም» ብሎ ከጣራው ሥር የሰካትን ትንሽ የሸምበቆ ቁራጭ አሳያት። ዙሪያዋን በጋለ ወስፌ በስቷታል፤ አየር ይገባል፣ አውራው ግን አይወጣም። አፏ በሰም ይደፈናል።

የቀረውን ለእኔ ነበር የነገረኝ። ሸምበቆዋን ሲበሳ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለሁ፣ «ሦስት ቀን ነው። ንቡ ቤቱን ሲለምድ ሰሙ ይነቀላል። አውራው ታስሮ ከቆየ ያ ቤት ልጅ አያይም» ብሎኛል።

እናቴ ንብ ነክታ አታውቅም፤ በእኛ አገር ቀፎ የወንድ ሥራ ነው። ሰሊጡ አበባውን ሲያረግፍ ግን አንድ ረፋድ ላይ በማሽላው በኩል ጥቁር ነገር እየጮኸ መጣ። እናቴ ነጠላዋን ጥላ፣ ከእንስራው ውሃ በቅል እየረጨች፣ አፈር በእፍኟ እየበተነች ከሥሩ ሮጠች። «እረፍ፣ እረፍ የኔ ጌታ፣ ቤትህ ነው፣ እረፍ» ትለዋለች። እንዲያ ባለ ድምፅ ሰው ስትለምን ሰምቻት አላውቅም። ንቡ ዝቅ ካለ የግራር ቅርንጫፍ ላይ እንደ ስልቻ ተንጠልጥሎ አረፈ።

ጎረቤታችን ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ጩኸታችንን ሰምተው ኩበት እያጨሱ ደረሱ። እጃቸውን ንቡ ውስጥ ሰደው፣ ሳይቸኩሉ ዳሰው ዳሰው አውራውን በሁለት ጣታቸው አወጡት። አውራው ወንድ ነው ብለን ነበር የምናስበው፤ እናት መሆኗን የሰማሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ሸምበቆዋ ውስጥ ከተው፣ ደፍነው፣ ቀፎው ውስጥ አንጠለጠሏት። ንቡም ተከትሎ ገባ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው መጡና «በይ ልፍታልሽ» አሏት።

«ይቆይ አባባ። ዕቃው የሳቸው ነው፤ እሳቸው መጥተው ይፍቱት።»

«እሱን ስታስሪ ባልሽን ያሰርሽ መሰለሽ እንዴ?»

«ባስራቸውማ መች ይሄዱ ነበር» አለች እናቴ ስቃ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባት።

«እንግዲህ ያንቺ ነገር» ብለው ሄዱ።

አራተኛው፣ አምስተኛው ቀን አለፈ። ንቡ ቀፎው አፍ ላይ ተከምሮ ይውላል፤ የአበባ ዱቄት ይዞ የሚገባ የለም። የአባቴ ቃል ትዝ ይለኝ ጀመር። ብፈታው ቢሄድስ? እናቴ ጧት ጧት ከቀፎው ሥር ቆማ ድምፁን ስታዳምጥ አያታለሁ። አንድ ጧት ጭር ብሎ ብታገኘው ምን ልትሆን ነው? ባልፈታውስ፣ አባቴ ሲመጣ የሚያገኘው ያለቀ ንብ ነው።

በሰባተኛው ቀን እናቴ ወንዝ ስትወርድ ኩበት አጭሼ ሙቀጫ ላይ ቆምኩ። የቀፎውን ክዳን ከኋላ ከፍቼ ሰሙን በጥፍሬ ነቀልኩት። አውራው እየተንፏቀቀ ወጣና ከንቡ መሃል ጠፋ። ባዶዋን ሸምበቆ እንደገና ደፍኜ ከቦታዋ መለስኳት። ፊቴን አራት ቦታ ነድፎኝ ነበርና እናቴ ስትመለስ «ጠጋ ብዬ ሳይ ነው» አልኳት።

«ማን ጠጋ በይ አለሽ?» አለችና ነጭ ሽንኩርት አሸችልኝ።

ንቡ አልሄደም። ጭራሽ አውራውን በፈታሁ በሁለተኛው ቀን ቢጫ ዱቄት እግሩ ላይ ለጥፎ ይገባ ጀመር። እናቴ ሽማግሌውን ጠራቻቸው። «አዩ አባባ? ታስሮም ይሠራል።»

ሽማግሌው ቀፎውን አዩ፤ ያበጠውን ፊቴን አዩ። «ታምር ነው» አሉ።

ከዚያ በገላባት በኩል የመድፍ ድምፅ መጣ። መሬቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እናቴ ወደ ቀፎው ትሮጣለች። እጇን ጭናበት «አውራህ እዚህ ነው፣ የትም አትሂድ» ትለዋለች። ልነግራት ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። ሳይታሰር ነው የቆየው ብላት ደስ ይላት ነበር፣ ወይስ የያዘችውን አንድ ነገር ከእጇ መንጠቅ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እንዳልጠይቃት እሷም የለች።

አባቴ በጋው ሲጋመስ መጣ፣ ከስቶ፣ ጢሙ ሸብቶ። እናቴ ውሃ እንኳ ሳታቀርብለት ክንዱን ይዛ ወደ ኩርኩራው ወሰደችው።

«ይኸው፣ አልፈታሁትም። እርስዎ ይፍቱት ብዬ ነው።»

አባቴ ክዳኑን ከፈተ። የማር ሰፈፉ እስከ አፉ ሞልቷል። ሸምበቆዋን አውጥቶ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ወዘወዛት። ከዚያ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሰሙን በጣቱ ነቀለ። ሸምበቆዋን ቀፎው ውስጥ ዘቅዝቆ፣ አንድ ነገር እስኪወጣ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ቆየ።

«ወጣ» አላት።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ከሄደበት ቀን ጀምሮ ያላለቀሰችውን እዚያው ኩርኩራው ሥር አለቀሰችው።